በክረምት ባሕር ዳር ዐርፎ ለመመለስ፦ ቀኑን ከዝናቡ ጋር የማስማማት መመሪያ

ሰኔ ሲገባ ስልኬ ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደጋገማል። «በክረምት ባሕር ዳር ይመጣል እንዴ? ዝናቡ አያስወጣም ይባላል።» አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶች ይጠይቁኛል፣ የሥራ ባልደረቦች ይጠይቁኛል፣ የማላውቃቸው የጓደኛ ጓደኞች ሳይቀሩ ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ ስመልስ ሰለቸኝና አንዴ ልጻፈው አልኩ።

ይመጣል። ግን በጥር እንደምትመጡት አይደለም። በጥር ቀኑን ሙሉ ስትዞሩ ትውላላችሁ። በክረምት ቀኑ ለሁለት ይከፈላል፦ ጠዋቱ የሐይቁ ነው፣ ከሰዓት በኋላው የዝናቡ። ይህን አውቆ የመጣ ሰው ዐርፎ ይመለሳል። ያላወቀ ከመስኮት ሥር ተቀምጦ ሰማይ ሲያይ ይከርማል።

መመሪያው 3 ሌሊት ለሚያድር ሰው ነው። ከዚያ ያነሰ ጊዜ ካላችሁ ደረጃ 7ን ዝለሉት።

ይዛችሁ የምትመጡት

- ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ። ጃንጥላ አይተካውም፤ ጀልባ ላይ ነፋሱ ይገለብጠዋል።
- ሶሉ የሚቆነጥጥ ጫማ፣ እንዲሁም ኮንጎ ጫማ። ኮንጎ አትናቁ፤ ጭቃውን በውሃ አለቅልቃችሁ ወዲያው ትጫሙታላችሁ።
- ካልሲ፣ ከምታስቡት እጥፍ። በክረምት ባሕር ዳር የታጠበ ካልሲ በአንድ ቀን አይደርቅም።
- ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ፣ ለማታ።
- ነጠላ፣ ለገዳም። ሴቶች ረዥም ቀሚስ ጨምሩበት።
- ወፍራም ፌስታል 4 ወይም 5፣ ለስልክ፣ ለገንዘብና ለእርጥብ ልብስ።
- የወባ ትንኝ የሚከላከል ቅባት።
- የእጅ ባትሪና ፓወር ባንክ። ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ መብራት ሊሄድ ይችላል።
- መታወቂያ። ሆቴልም መንገድም ላይ ትጠየቃላችሁ።
- ጥሬ ብር፣ በተለይ ዝርዝር። ገዳም በር ላይና ጀልባ ላይ «ኔትወርክ የለም» ከተባለ የስልክ ባንካችሁ ዋጋ የለውም።
- አንድ መጽሐፍ፣ ወይም ካርታ። ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚጠብቃችሁ ነግሬያችኋለሁ።

ደረጃ 1፦ ሰሞኑን ምረጡ

ክረምት ሁሉ አንድ አይደለም። ሐምሌ ዝናቡ የሚበረታበት፣ ከተማው ጭር የሚልበት ነው። ጸጥታ ብቻ ለምትፈልጉ ይሄ ይሆናል። ነሐሴም ይዘንባል፣ እየቆየ ሲሄድ ግን ፋታ ይሰጣል። መስከረም ላይ አደይ አበባ አለ፣ ዝናቡም ይቀንሳል፤ ነገር ግን የዘመን መለወጫ እንግዳ አብሯችሁ ይመጣል።

እኔን ካላችሁ ከነሐሴ 17 እስከ ወሩ መጨረሻ ባለው ጊዜ ኑ። ምክንያቱም ጣና የሚሞላው ዝናቡን ተከትሎ ዘግይቶ ነው። ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ሆኖ ሳለ ሐይቁ ጢም የሚለው መስከረም ላይ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴም ከሐይቁ የሚወጣውን ዓባይ ስለሚከተል በሐምሌ መጀመሪያ የመጣ ሰው ዝናቡን በልቶ ውሃውን ሳያይ ሊመለስ ይችላል።

ፍልሰታ፣ ማለትም ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ መምጣት ክልክል አይደለም። ገዳማቱ ግን ያኔ ሱባኤ በገባ ሰው የተሞሉ ናቸው። ስልክ አውጥቶ በመካከላቸው ፎቶ ማንሳት ለእናንተም ለእነሱም አይመችም። በጾም ዓሣ የማትበሉ ከሆነ ደግሞ የባሕር ዳር ግማሽ ጣዕም ይቀርባችኋል።

ሌላው የምርቃት ሰሞን ነው። ብዙ ጊዜ በሰኔና በሐምሌ የዩኒቨርሲቲ ምርቃት ሲኖር የተማሪ ቤተሰብ ሆቴሉን ሁሉ ይሞላዋል። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ሆቴሉን «በዚያ ሳምንት ምርቃት ወይም ትልቅ ስብሰባ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካለ በሳምንት ግፉት። በአንድ ሳምንት ልዩነት ከተማው ሌላ ከተማ ነው የሚመስለው።

ደረጃ 2፦ ክፍሉን በጥያቄ ያዙ

በክረምት ቀናችሁን ግማሽ የምታሳልፉት ክፍላችሁና በረንዳው ላይ ነው። ስለዚህ በበጋ ቸል የምትሉት ነገር እዚህ ይቆጠራል። ደውላችሁ እነዚህን ጠይቁ፦

በረንዳ አለው ወይ? ወደ ሐይቁ ያያል ወይስ ወደ መኪና ማቆሚያው? («ሐይቁ ዳር ነን» ማለት ከክፍላችሁ ሐይቁ ይታያል ማለት አይደለም።) መስኮቱ የትንኝ ወንፊት፣ አልጋው አጎበር አለው ወይ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ስንት ሰዓት ይሠራል፣ ሙቅ ውሃውንስ ይጨምራል ወይ? ጣራው ቆርቆሮ ነው ወይስ በላዩ ሌላ ፎቅ አለው?

የመጨረሻዋን ጥያቄ ሰው ይስቅባታል። ባለፈው ዓመት አክስቴን ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ማረፊያ፣ የላይኛው ፎቅ ላይ አሳደርኳት። ጠዋት ስመጣ ዓይኗ ቀልቷል። «ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጣራዬ ላይ ሽምብራ ሲያፈሱብኝ አደሩ» አለችኝ። ቆርቆሮ ላይ የሚዘንብ ዝናብ አንዱን እንደ ሕፃን ያስተኛዋል፣ ሌላውን እስኪነጋ ያፈጥጠዋል። ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ዋጋ ተከራከሩ። ወቅቱ የእንግዳ ስላልሆነ ብዙ ቦታ ይቀንሳሉ፣ በተለይ 3 ሌሊት ስትሉ። ቅናሹ ቁርስ ይጨምር እንደሆነ ግን በዚያው ስልክ አረጋግጡ።

ደረጃ 3፦ የምትመጡበትን መንገድ ወስኑ

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን 1 ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና በደብረ ማርቆስ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ ቀኑን ሙሉ ይበላል። ለ3 ሌሊት ዕረፍት ሁለት ቀን መንገድ ላይ ማለቅ የለበትም፤ አቅም ካለ በረራ ይሻላል። ክረምት ስለሆነ በረራውም በአየር ጠባይ ሊዘገይ ይችላል። በተመለሳችሁበት ዕለት ማታ ሠርግ ወይም የውጭ አገር በረራ አትያዙ።

በመኪና የምትመጡ ከሆነ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ሳምንት መንገዱን የሄደ ሰው ፈልጋችሁ ስለ ሁኔታው ጠይቁ። የወር ወሬ አይጠቅምም። ሁለተኛ፣ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን የዓባይ በረሃ በብርሃን እለፉት። በክረምት ጉም ይወርድበታል፣ ድንጋይም ይንከባለላል። የፊት መስታወት መጥረጊያውን አዲስ አበባ ሳላችሁ ቀይሩ።

ደረጃ 4፦ በመጀመሪያው ቀን ምንም አታቅዱ

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘለዋል። ሻንጣ አስቀምጦ ወዲያው «ጀልባ የት ነው?» የሚል እንግዳ ስንት አይቻለሁ! አትቸኩሉ። ስትደርሱ ከሰዓት ከሆነ ሐይቁ ለእናንተ አልተሰናዳም።

ምሳ ብሉ፣ ተኙ። ወደ 10 ሰዓት ግድም ዝናቡ ፋታ ከሰጠ በሐይቁ ዳር መንገድ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ሾላውና ዋርካው ሥር ውሃው ይንጠባጠባል፤ ከዳር ሆነው እሸት በቆሎ የሚጠብሱ ሴቶች ካገኛችሁ ቁሙና ብሉ። የሐይቁ ውሃ ቡናማ ከመሰላችሁ አትደንግጡ፤ በክረምት ገባር ወንዞች አፈር ይዘው ነው የሚመጡት።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከአዲስ አበባ ስለምትወርዱ ቀን ላይ ይሞቃችኋል። ማታ ከዝናብ በኋላ ግን ጋቢው ይፈለጋል። በጊዜ ተኙ፤ ነገ 12 ሰዓት ላይ ትነሳላችሁ።

ደረጃ 5፦ ጀልባውን ማታ ተስማሙ፣ ጠዋት ውጡ

ጣና ትልቅ ነው፤ ያን ያህል ጥልቅ ግን አይደለም። ጥልቅ የሚባለው ቦታ 15 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ አጭርና ተደራራቢ ይሆናል፤ ጀልባዋን ያንገጫግጫታል። ነፋሱ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ውሃው እንደ ዘይት ይረጋል። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 1፡30 ውጡ፣ ከ6 ሰዓት በፊት መሬት ላይ ሁኑ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

ሀ. ዋዜማውን ማታ ከጀልባ ሰዎች ጋር ተነጋገሩ። ዋጋው ለጀልባዋ ነው ወይስ በሰው? ደርሶ መልስ ነው? ገዳም ስትገቡ ይጠብቃችኋል? ስንት ቦታ ያቆማል? ይህን ሁሉ ሳትሳፈሩ ጨርሱ። ውሃ ላይ ሆኖ ዋጋ መከራከር ለማንም አልበጀም።

ለ. ላይፍ ጃኬቱን ቁጠሩ። «አለ» ሲሏችሁ «አሳዩን» በሉ። ለልጆች የሚሆን መጠን መኖሩን ለብቻ ጠይቁ። ከዚያ ልበሱት። ወንበር ሥር የተኛ ጃኬት ማንንም አያድንም።

ሐ. ጠዋት ሰማዩን እዩ፣ ከዚያም ካፒቴኑን ስሙ። «ዛሬ ይቅር» ካለ ይቅር። ቀን የምታባክኑ መስሏችሁ አትገፋፉት፤ ደረጃ 7ን ወደ ዛሬ አምጡት።

መ. ከመሃል ወይም ከኋላ ተቀመጡ። ፊተኛው ወንበር ለፎቶ ያምራል፣ ግን ጀልባዋ ስትነሳና ስትወድቅ ወገብ የሚመታው እዚያ ነው። ስልክና ገንዘብ በፌስታል፣ ፌስታሉ በቦርሳ።

ሠ. ቦታ አታብዙ። ለዕረፍት ከመጣችሁ ዘጌ ብቻ ይበቃል፤ በሞተር ጀልባ 1 ሰዓት ገደማ ነው። ከወረዳችሁ በኋላ በቡናና በጌሾ ጫካ ውስጥ በእግር ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ትወጣላችሁ። መንገዱ ድንጋያማ ነው፣ ሲረጥብም ያሟልጫል። ቅጠሉ ስለሚከድናችሁ ዝናቡ ካቆመ በኋላም ይንጠባጠብባችኋል። ግራና ቀኝ ከደንገል የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎች የሚሸጡ ልጆች አሉ። ለመመለሻ ተዉት፤ ዳገት ላይ ዕቃ መሸከም አያስፈልግም። አዝዋ ማርያም ከወደቡ ብዙም አይርቅም፤ ጉልበት የሚያማቸው እናትና አባት ይዛችሁ ከሆነ እሱን ብቻ አሳዩአቸው።

ከሴት ጋር ከሆናችሁ ይህን አስቀድማችሁ እወቁ፦ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። የዘጌዎቹ ገዳማት ይገባባቸዋል፤ ክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስም እንዲሁ። ያልጠየቁ ቤተሰቦች ባልየው ገዳም ገብቶ ሚስቱና ልጁ ጀልባ ላይ ሲጠብቁት አይቻለሁ። የዚያ ቀን ምሳ ብዙ ወሬ አልነበረበትም።

ረ. ገዳም ስትገቡ ጫማ ይወልቃል። በክረምት ይሄ ማለት እርጥብ እግር ማለት ነው፤ ትርፍ ካልሲ ቦርሳ ውስጥ ይኑር። በር ላይ የመግቢያ ይከፈላል፤ ደረሰኝ ተቀበሉ። ሥዕሉን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ፍላሽ በፍጹም።

ሰዓቱን ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደያዝኩት ልንገራችሁ። አንድ ነሐሴ የአክስቴን ልጆች ይዤ ዘጌ ሄድኩ። ቡና ተፈላልን። አቦሉን ጠጣን፣ ቶናውን ጠጣን፣ «በረካውን ሳትጠጡማ» ተባልን። ስንነሳ 8 ሰዓት አልፏል። ግማሽ መንገድ ላይ ከደቡብ በኩል ሰማዩ እንደ ጠቆረ ምጣድ ሆኖ መጣ። ካፒቴኑ ወሬውን አቋረጠና ሞተሩን ቀነሰ። ያኔ ነው የፈራሁት፣ ሲቀንስ። ሞገዱን በፊት ለፊት እየቆረጠ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያለ፣ የ1 ሰዓቱን መንገድ በ2 ሰዓት ተኩል ገፋነው። ትንሿ ልጅ ጭኔ ላይ ተጣብቃ «ጋሼ፣ መሬቱ የታለ?» ትለኛለች። ማንም ምንም አልሆነም። ግን አሁን በረካውን የምጠጣው ከተማ ተመልሼ ነው።

ማስጠንቀቂያ፣ ከውሃ ጋር የተያያዘ

ሐይቁ ውስጥ አትዋኙ፣ ልጆችም ዳር ላይ በባዶ እግር አይጫወቱ። ቢልሃርዚያ አለ። ትሏ ዳር ዳር ባለ ቀንድ አውጣ ውስጥ ታድግና ውሃው ውስጥ ወጥታ በቆዳ በኩል ትገባለች። መዋጥ አያስፈልግም፤ ቆሞ መንቦጫረቅ ይበቃታል። መዋኘት የፈለገ ገንዳ ያለው ሆቴል ይያዝ።

ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። ካፒቴኑን «ጠጋ በል» አትበሉት። ሲመሽ ለሳር ወደ ዳር ይወጣል፤ በመሸ ጊዜ በሸንበቆና በደንገሉ መካከል አትንሸራሸሩ።

መብረቅ ከተሰማ ከውሃ ውጡ፣ ከዛፍ ሥርም ራቁ። ዋርካ ከዝናብ ያስጠልላል፣ ከመብረቅ ግን አያድንም።

ደረጃ 6፦ ከሰዓት በኋላውን ለዝናቡ ተዉ

ከጀልባ 6 ሰዓት ላይ ተመለሳችሁ እንበል። ገላችሁን ታጠቡ፣ ደረቅ ልብስ ልበሱ፣ ዝናቡ ሳይጀምር ምሳ እዘዙ። ትኩስ ዓሣ ተዘጋጅቶ እስኪመጣ ይቆያል፤ ርቧችሁ ካዘዛችሁ ዳቦ በልታችሁ ትጠግባላችሁ።

ለጀማሪ ቆሮሶ ሙሉ ጥብስ እላለሁ። ሥጋው ነጭ ነው፣ አጥንቱም በቀላሉ ይለያል። አምባዛ ቅባት አለው፤ ወጥ ላይ ይሻላል። ከመጠበሱ በፊት ዓሣውን አሳዩኝ ብትሉ ማንም አይቀየምም፤ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ ይሁን። ዓይኑ ደፍርሶ ወደ ውስጥ ከገባ ሽሮ እዘዙ። ሲመጣ በጎኑ የተሰነጠቀበትን እያያችሁ ከጀርባው ጀምሩ፣ ሎሚ ጭመቁበት፣ አዋዜውን በጎን። ሲቀዘቅዝ ጣዕሙ ግማሽ ነው፤ ፎቶውን አሳጥሩት።

ከዚያ በረንዳ። ዝናቡ ጣና ላይ ሲመጣ መጀመሪያ ድምፁን ትሰማላችሁ፤ ከዚያ ማዶ ያለው ዳር ይጠፋል፣ ከዚያ ጀልባዎቹ፣ ከዚያ የግቢው ዛፍ። ሆቴሉ ቡና የሚያፈላ ሰው ካለው 8 ሰዓት ላይ እንዲፈላ ጠዋት ንገሯቸው። ከሰሉን ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ማቀጣጠል ያስቸግራቸዋል።

እዚህ ላይ ሰው «ምን ልሥራ?» ይለኛል። ምንም። ለዚህ አይደል የመጣችሁት? ስልኩን ክፍል ውስጥ ትታችሁ 2 ሰዓት ብትቀመጡ ሥራ ቦታችሁ አይፈርስም።

ደረጃ 7፦ ጢስ ዓባይ፣ በሦስተኛው ጠዋት

ፏፏቴው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጋ የመጡ ሰዎች «ቀጭን ነው» ብለው ያሙታል፤ ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ ነው። በክረምት ግን ከሚጠለፈው የሚተርፈው ብዙ ነው። ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታ የሚወርድ ቡናማ ግድግዳ ይሆናል፤ ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ጢሱ ከሩቅ ይታያል፣ ስሙ ከየት እንደመጣ ያኔ ይገባችኋል።

1. ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሱ። ከሰዓት ዝናብ ከመጣ የእግር መንገዱ አያስኬድም።
2. ትኬቱን ጢስ ዓባይ ከተማ ቁረጡ። አስጎብኚ ያዙ፤ መንገዱ ባይጠፋችሁም የትኛው ጠርዝ እንደሚናድ የሚያውቀው እሱ ነው።
3. በድሮው የድንጋይ ድልድይ በኩል ያለውን መንገድ ምረጡ። ሌላው መንገድ ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ዓባይን ያሻግራል፤ በክረምት ወንዙ ሲበረታ ግን አይመከርም። በዚያ በኩል መሻገሪያ አለ ቢሏችሁም ውሃው ከከበደ ተዉት።
4. ዱላ ያዙ። የሰፈሩ ልጆች ያከራያሉ። ቁልቁለት ስትወርዱ ዱላውን ከፊታችሁ ትከሉና ከዚያ እግር። ኩራት ያለበት ሰው ነው መጀመሪያ የሚወድቀው፤ እኔም በቆዳ ጫማ ሄጄ የሱሪዬን መቀመጫ እዚያው ትቼው መጥቻለሁ።
5. ፊት ለፊቱ ስትደርሱ ዝናብ ባይኖርም የዝናብ ልብሱን ልበሱ፤ ርጭቱ ያበሰብሳል። ስልኩን አውጥታችሁ አንስታችሁ ወዲያው መልሱት።
6. ከረጠበው ቋጥኝ ጫፍ አትጠጉ። አረንጓዴ የለበሰ ድንጋይ ሳሙና ነው።

ጉልበት ለማይችል ሰው ይሄ ደረጃ አይመከርም። እሱ ቀርቶ ጠዋቱን ቤዛዊት ኮረብታ ላይ በባጃጅ ይውጣ፤ ከዚያ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲሄድ ይታያል። ወይም በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ በእግሩ ይሻገር። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው፣ የእግረኛ መንገድ አለው፣ ጭቃ የለውም።

ማታ ለመውጣት ካሰባችሁ ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ በዕለቱ ሆቴሉን ጠይቁ፤ ይለዋወጣል።

ደረጃ 8፦ ከወባ ራሳችሁን ጠብቁ፣ ከተመለሳችሁ በኋላም አትርሱ

ባሕር ዳር ወባ አለ። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ ይበረታል። ትንኟ የምትናደፈው ከምሽት ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ 12 ሰዓት ሲሆን እጅጌ ረዥም ልበሱ፣ እግራችሁን ቅባት ቀቡ፣ አጎበሩን ፍራሹ ሥር አስገቡ። አጎበሩ ተንጠልጥሎ ቢያድር ለጌጥ ነው።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሽታው ወዲያው አይታይም፤ ከተነደፋችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሳምንት በኋላ ነው የሚነሳው፣ ቤታችሁ ከገባችሁ ማለት ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ከመጣ «ጉንፋን ነው» አትበሉ። ጤና ተቋም ሂዱና ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ «ባሕር ዳር ነበርኩ» በሉት። ወባ የሌለበት ከተማ ያለ ሐኪም ካልነገራችሁት ላያስባት ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው

የበጋውን ፕሮግራም እንዳለ ይዞ መምጣት። ጠዋት ገበያ፣ ከሰዓት ጀልባ። መገልበጥ አለበት፤ ገበያ በዝናብም ይገበያል።

በአንድ ቀን ጀልባንም ጢስ ዓባይንም መጨረስ። ይቻላል። ግን ዕረፍት ብላችሁ አትጥሩት።

ነጭ ጫማ። ምንም አልጨምርም።

እርጥብ ልብስ ሻንጣ ውስጥ መክተት። አዲስ አበባ እስክትደርሱ ሁሉም ልብስ ይሸታል። በፌስታል ለዩት፤ ለዚያ ነው 4 ወይም 5 ፌስታል ያልኩት።

ዝናብ ሲጀምር ተስፋ ቆርጦ ቲኬት ማስቀየር። 9 ሰዓት ላይ የሚያስጨንቀው ሰማይ ብዙ ጊዜ በማግስቱ 1 ሰዓት ላይ ጥርት ብሎ ነው የሚጠብቃችሁ። ሌሊቱን አሳልፉና ወስኑ።

የመጨረሻው፣ ትኩስ ዓሣ በፌስታል ጠቅልሎ አውቶቡስ ላይ መውጣት። ደብረ ማርቆስ ሳትደርሱ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው መስኮት መክፈት ይጀምራል። ለቤት የሚሆን ስጦታ ከፈለጋችሁ የዘጌ ቡና ግዙ። ጥሬውን ይሁን፤ የተቆላው በመንገድ መዓዛው ይጠፋል። ፍሬውን እጃችሁ ላይ አፍስሳችሁ እዩት፣ በጥርስ ስትነክሱት የሚለሰልስ ከሆነ ገና አልደረቀም፤ በክረምት እንዲህ ያለው ይሻግታል። ጠንካራውን ምረጡ፣ በጨርቅ ከረጢት ያዙት፣ ቤት ስትገቡ ሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ አንድ ቀን ፀሐይ አስመቱት። ፀሐይ ካለ።